ከፍሎ የተሻለ የክሩዝ ካቢን ማግኘት፦ ከማስያዣው ቀን እስከ መሳፈሪያው

ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ካስያዛችሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ኢሜይል ይመጣል። «ክፍልዎን ያሳድጉ» ይላል። ከሥሩ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ፀሐይ የሞላበት ስዊት (ሰፊ የቅንጦት ክፍል) ፎቶ አለ። ጎኑ ላይ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩም ትንሽ ይመስላል። አንዳንዱ ሰው እዚያው ስልኩ ላይ ጫን ጫን አድርጎ የካርድ ቁጥሩን ያስገባል። ሌላው «ማጭበርበሪያ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ሁለቱም ችኩሎች ናቸው።

ቅናሹ ብዙ ጊዜ የእውነት ነው። ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግን ይጠቅማል። መርከብ ወደብ ለቆ ሲወጣ ባዶ የቀረ ክፍል ለኩባንያው ምንም አያስገባም። ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ኩባንያው እናንተን ከበረንዳ ክፍል አንሥቶ ስዊት ውስጥ ሲያስገባ፣ የለቀቃችሁት ክፍል ነጻ ይሆናል። በመጨረሻው ሰዓት ገዢ የሚገኘው ደግሞ ለርካሹ ክፍል እንጂ ለውዱ አይደለም። ስለዚህ ኩባንያው ከእናንተም ይቀበላል፣ የለቀቃችሁትንም ለሌላ ይሸጣል። እየተዋለላችሁ ያለው ውለታ አይደለም፤ ንግድ ነው። እናንተም እንደ ነጋዴ አስቡ።

እዚህ የምጽፈው ከፍሎ ስለማሳደግ ነው፤ ይህም የዋጋውን ልዩነት ከፍሎ በመዛወር ወይም ለላይኛው ክፍል የምትሰጡትን ዋጋ በጨረታ በማስገባት ይሆናል። ዘንጦ ወደብ ላይ መቅረብ ወይም «የጫጉላ ጉዞ ላይ ነን» ማለት ስዊት ያስገኛል የሚለውን ወሬ ተዉት። ድሮ ይሠራ ይሆናል። አሁን ኩባንያዎቹ ባዶውን ክፍል እስከ መነሻው ዋዜማ ድረስ መሸጥ ስለሚችሉ፣ በነጻ ለመስጠት ብዙም ምክንያት የላቸውም።

1. የምትገዙት ቦታ ነው ወይስ አገልግሎት?

ይህ ጥያቄ ከዋጋው መቅደም አለበት። መልሱም እንደ መርከቡ ይለያያል።

በአንዳንድ ትልልቅ መርከቦች ክፍል ሲቀየር ኑሮው አብሮ ይቀየራል። ከክሩዝ ኩባንያዎች የኤምኤስሲ «ያት ክለብ»፣ የኖርዌጂያን «ዘ ሄቨን» እና የሰለብሪቲ «ዘ ሪትሪት» እንዲህ ናቸው። በትልቁ መርከብ ውስጥ ለብቻው የተከለለ ሰፈር አለ። የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ሳሎን፣ የራሱ ፀሐይ መሞቂያ አለው። የግል አስተናጋጅ ይመደብላችኋል። ሺዎች የሚጋፉበት ገንዳ ዳር ወንበር ፍለጋ መዞር ይቀራል። እዚህ የምትከፍሉት ለአልጋው ሳይሆን ለሰላሙ ነው።

ኩናርድ የተባለው ኩባንያም በዚህ በኩል ለየት ይላል። በመርከቦቹ ላይ እራት የምትበሉበትን ቤት የሚወስነው የክፍላችሁ ደረጃ ነው። የተለመደው ክፍል ወደ ብሪታኒያ ምግብ ቤት ይወስዳችኋል። ከፍ ስትሉ ብሪታኒያ ክለብ፣ ከዚያ ፕሪንሰስ ግሪል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ኩዊንስ ግሪል አለ። ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የሚያገለግለው ኩዊን ሜሪ 2 ሳውዝሃምፕተንን ከኒው ዮርክ የሚያገናኘው ብዙውን ጊዜ በ7 ሌሊት ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ባሕር ላይ ነው፤ የሚወረድበት ወደብ የለም። እንዲህ ባለው ጉዞ ምግብ ቤቱና ሳሎኑ ከበረንዳው ይበልጣሉ። የሰሜን አትላንቲክ ነፋስ በረንዳ ላይ ብዙ አያስቀምጥማ።

ሦስተኛው ዓይነት ትንንሾቹ ቅንጡ መርከቦች ናቸው። ሬጀንት ሰቨን ሲስ፣ ሲልቨርሲ፣ ሲቦርን። እነዚህ መርከቦች ላይ ርካሽ የሚባለው ክፍል ራሱ ስዊት ነው። መጠጡና ቲፑ በቲኬቱ ውስጥ ተካትቷል። የአንዱ ተሳፋሪ ምግብ ቤት ለሌላው ዝግ አይደለም። ሲልቨርሲ ላይ የግል አስተናጋጅ እንኳ ለሁሉም ክፍል ይመደባል። ታዲያ ከፍሎ ማሳደግ ምን ይጨምራል? በዋናነት ካሬ ሜትር። ሳሎኑ ይሰፋል፣ በረንዳው ይረዝማል፣ መታጠቢያ ቤቱም ይተልቃል። ከዚያ በላይ እንደ ኩባንያው ትንንሽ ጥቅሞች ይኖራሉ፤ ለምሳሌ ሬጀንት ላይ ከፍ ያለ ስዊት የያዘ ሰው የምግብ ቤትና የጉብኝት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ማስያዝ ይችላል።

የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፦ ገንዘብ የሚያወጣው ዝላይ በትልቅ መርከብ ላይ ከተራ የበረንዳ ክፍል ወደ ተከለለው ሰፈር የሚደረገው ነው። ትንሽ ቅንጡ መርከብ ላይ ከሆናችሁ ግን አስቡበት። ክፍል ውስጥ መዋል የምትወዱ፣ ቁርስ በረንዳ ላይ የምትበሉ፣ እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ ጥሩ። አለበለዚያ የመጀመሪያው ደረጃ ስዊት ይበቃል። ከተራ በረንዳ ወደ «ትንሽ የተሻለ ቦታ ያለው በረንዳ» የሚለው ቅናሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቁጥር ለውጥ ብቻ ነው። ክፍሉ ያው፣ ኮሪደሩ ሌላ።

መስመሩንም አትርሱ። አላስካ ወይም የኖርዌይ ፊዮርድ (በገደሎች መካከል የሚገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) የሚሄድ ሰው በረንዳውን ቀኑን ሙሉ ይጠቀምበታል፤ የሚታየው ነገር በመስኮቱ አጠገብ ነው የሚያልፈው። በየቀኑ አዲስ ወደብ የሚነካ የሜዲትራኒያን ጉዞ ላይ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ሰፊ ክፍል ለማን ይከፍላል?

2. ስታስይዙ መነሻውን አስተካክሉ

ቢያንስ ያለ ቅሬታ የምትተኙበትን ክፍል ያዙ። «በኋላ በርካሽ አሳድገዋለሁ» ብሎ መስኮት የሌለው ክፍል የያዘ ሰው፣ ያ ኢሜይል ባይመጣስ? ቢመጣና ያቀረበው ዋጋ ባያልፍስ? መስኮት የሌለው ክፍል የሚጨንቃችሁ ከሆነ ከመነሻው በረንዳ ያዙ።

ቁጥሩ ሳይታወቅ የሚሸጥ ክፍል አለ። ደረጃው ዋስትና አለው፣ ቦታውን ግን ኩባንያው በኋላ ይመድባል። ዋጋው ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ኩባንያው ክፍሎቹን ሲያሸጋሽግ ወደ ላይ የሚገፋው እንዲህ ያሉትን ተሳፋሪዎች ነው። ግን በነፍስ አድን ጀልባ የተከለለ መስኮትም ሊደርሳችሁ ይችላል። ቦታ የማይመርጥ ሰው ይሞክረው።

ከመክፈላችሁ በፊት ወኪላችሁን ወይም ኩባንያውን ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ይህ የቲኬት ዓይነት በኋላ በክፍያ ለማደግ ይፈቀድለታል ወይ? በቡድን የተያዙና አንዳንድ ልዩ ቅናሽ ያላቸው ቲኬቶች ላይፈቀድላቸው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው ሳይጠይቀኝ ክፍሌን «አሻሽዬልሃለሁ» ብሎ ሊቀይረው ይችላል ወይ? ቦታውን መርጣችሁ የያዛችሁ ከሆነ «አይቀየርብኝ» የሚል ማስታወሻ በማስያዣችሁ ላይ እንዲገባ ጠይቁ። በወረቀት ላይ ከፍ ያለ ክፍል በተግባር ከጭፈራ ቤቱ በላይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የቅናሹ ኢሜይል ለማን ነው የሚሄደው? በወኪል የያዛችሁ ከሆነ ወደ ወኪሉ ሄዶ እዚያው ሊቀር ይችላል።

3. እስከ መጨረሻው ክፍያ ቀን ዋጋውን ተከታተሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው። የሚያሳዝነውም ትልቁ አቅም በእጃችሁ ያለው በዚህ ጊዜ መሆኑ ነው።

ክሩዝ ሲያዝ ቀብድ ይከፈላል። ቀሪው የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 90 ቀን ገደማ ሲቀር ነው። በቅንጡና በረጃጅም ጉዞዎች ከ120 ቀን በፊት የሚጠይቁም አሉ። ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ልዩነቱን ብቻ ከፍሎ ወደ ላይኛው ደረጃ መዛወር በአብዛኛው ይቻላል። ጨረታ የለም፣ መጠበቅ የለም። ከሁሉም በላይ የክፍሉን ቁጥር ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። በጨረታ የሚገኝ ክፍል ይህን ነጻነት አይሰጥም።

ስለዚህ ከማስያዣው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የኩባንያውን ድረ ገጽ ክፈቱ። የራሳችሁን ደረጃ ዋጋና የምትመኙትን ደረጃ ዋጋ ጎን ለጎን ጻፉ። የስዊቱ ዋጋ ወርዶ ልዩነቱ ሲጠብ ያን ቀን ደውሉ። ሳምንት አትጠብቁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ስትዛወሩ አዲሱ ዋጋ የሚሰላው በዕለቱ ደንብ ነው። ስታስይዙ የተሰጣችሁ ስጦታ፣ ለምሳሌ መርከቡ ላይ የሚወጣ የኪስ ገንዘብ ወይም ነጻ የመጠጥ ጥቅል፣ በዝውውሩ ሊጠፋ ይችላል። «አዎ» ከማለታችሁ በፊት አዲሱን ጠቅላላ ሂሳብና የሚቀሩትን ጥቅሞች በጽሑፍ ይላኩላችሁ።

4. ጣሪያችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ

የጨረታው ገጽ ተከፍቶ፣ የስዊቱ ፎቶ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ሂሳብ አይሠራም። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ጣሪያ የሚቆረጠው ኢሜይሉ ሳይመጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች 10 ሌሊት ይጓዛሉ እንበል። ለያዙት የበረንዳ ስዊት በነፍስ ወከፍ 4,000 ዶላር ከፍለዋል። የሚመኙት ትልቁ ስዊት ዛሬ ለሕዝብ የሚሸጠው በነፍስ ወከፍ 5,800 ነው። ልዩነቱ በሰው 1,800፣ ለሁለት 3,600 ዶላር ነው። ከዚህ በላይ መስጠት ሞኝነት ነው፤ በዚህ ዋጋ ማንም ከመንገድ ገብቶ ይገዛዋል፣ ያውም ቦታውን መርጦ።

አሁን ከላይ ሳይሆን ከታች ጀምሩ። ጥያቄው «ይህ ክፍል ለእኛ በሌሊት ስንት ያወጣል?» የሚለው ነው። በሌሊት 120 ዶላር ብትሉ፣ በ10 ሌሊት 1,200 ይሆናል። በነፍስ ወከፍ 600 ማለት ነው። ጣሪያችሁ ይሄ ነው። ዝቅተኛው የጨረታ ዋጋ በሰው 500 ከሆነ ግቡበት። 800 ከሆነ ገጹን ዝጉት።

በዚህ ስሌት ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። የጨረታው ዋጋ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚከፈለው ግን ለሁለት። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ራሱ በብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚጠየቀው የሁለት ሰው ሂሳብ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው በክፍሉ ካለ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ አይጠየቅም። ይህም ለቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ክፍሉ ያን ያህል ሰው የሚይዝ ከሆነ።

ሌላው ቲፕ ነው። በየቀኑ ቲፕ በሚያስከፍሉ መርከቦች ላይ የስዊት ተሳፋሪ ከተራው ክፍል ከፍ ያለ ቲፕ ይጠየቃል። ለሁለት ሰው በ10 ቀን ሲባዛ የማይናቅ ነው። ጣሪያው ውስጥ አስገቡት።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ይገጥማል። የሕዝቡ ዋጋ በቅናሽ ወርዶ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት 250 ዶላር ሆኖ ሳለ፣ የጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ 300 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጨረታ ከማስገባታችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ ሳታዩ አትለፉ።

5. ጨረታውን ማስገባት

ብዙ ኩባንያዎች ይህን አሠራር በየስማቸው ይጠሩታል። ሮያል ካሪቢያን «ሮያልአፕ»፣ ሰለብሪቲ «ሙቭአፕ»፣ ኖርዌጂያን «አፕግሬድ አድቫንቴጅ»፣ ቨርጂን ቮየጅስ «ሌቭል አፕ» ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው ይመሳሰላል።

በማስያዣ ቁጥራችሁና በአባት ስማችሁ ገጹን ትከፍታላችሁ። ኢሜይል ባይመጣም ኩባንያው በድረ ገጹ ላይ ብቁ መሆን አለመሆናችሁን የምታዩበት ቦታ ካለው ሞክሩ። ከእናንተ በላይ ያሉት ደረጃዎች ይዘረዘራሉ። እያንዳንዱ አጠገብ ግራና ቀኝ የሚሳብ አመልካች አለ። ስትስቡት ዋጋው ይጨምራል፣ ከላይ ያለው መለኪያም ከ«ደካማ» ወደ «ጠንካራ» ይዞራል።

አመልካቹ መጀመሪያ ከዝቅተኛው ዋጋ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እስከ ታች ሳቡት፤ እውነተኛውን መነሻ እዩ። መለኪያውንም ብዙ አትመኑት። «ጠንካራ» ያለው ጨረታ ሊወድቅ፣ «ደካማ» ያለው ሊያልፍ ይችላል። የሚወስነው ስንት ክፍል ባዶ እንደቀረና ሌላው ሰው ስንት እንደሰጠ ነው። ይህን ደግሞ መለኪያው አይነግራችሁም።

ስንት ልስጥ? የኔ መልስ፦ ጣሪያችሁ ከዝቅተኛው ብዙም ካልራቀ፣ ከዝቅተኛው ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። ክብ ቁጥር ብዙ ሰው ስለሚመርጥ ከሱ ትንሽ አለፍ በሉ፤ 600 ሳይሆን 615። ጨረታው እስኪወሰን ድረስ ዋጋውን መቀየርም መሰረዝም ስለሚቻል፣ መነሻው ሲቃረብ ተመልሳችሁ እዩት። በድረ ገጹ ላይ የዚያ ደረጃ ክፍሎች አሁንም በብዛት እየተሸጡ ከሆነ ዝቅ ብሎ መቆየት ያዋጣል። «አልቋል» ካለ ዕድሉ ጠቧል ማለት ነው፤ ቢሆንም ከጣሪያው በላይ መሄድ የለም።

ለብዙ ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ጨረታ ማስገባት ይቻላል። የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው፤ የምትከፍሉትም ለሱ ብቻ። ችግሩ የትኛው እንደሚያልፍ የምትመርጡት እናንተ አለመሆናችሁ ነው። ስለዚህ «ይሄም ይግባ» ተብሎ የሚነካ ነገር አይኑር። ብታገኙት የማትደሰቱበትን ደረጃ ባዶ ተዉት።

በመጨረሻ ካርድ ይጠየቃል። ጨረታው ያለፈ ዕለት ገንዘቡ ሳትጠየቁ ይቆረጣል። ተመላሽም የለውም። ካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ ወይም ገደብ መኖሩን አረጋግጡ፤ ካርዱ ባለመሥራቱ የተገኘ ስዊት እንዳያመልጥ።

6. ቦታውን ሳታዩ እሺ አትበሉ

በጨረታ የክፍሉን ቁጥር መምረጥ አይቻልም። ይህ የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት ነው። መከላከያው አንድ ነው፦ የመርከቡን የወለል ካርታ አውጥታችሁ፣ በዚያ ደረጃ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ ማየት። መጥፎው ራሱ የሚያስኬድ ከሆነ ጨረታ ግቡ። ግማሾቹ የማይረቡ ከሆኑ ተዉት።

ምን ይታያል? መጀመሪያ ድምፅ። ከገንዳው ወለል ሥር ያለ ክፍል ገና ሳይነጋ የወንበር መጎተት ይሰማዋል። ከቲያትርና ከጭፈራ ቤት በላይ ወይም በታች ያለው እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ይሰማል። ከፊት ጫፍ ያለው ክፍል መርከቡ ጠዋት ወደብ ሲጠጋ በመልህቁ ሰንሰለትና መርከቡን ወደ ጎን በሚገፉት ሞተሮች ይነቃል። ከኋላ ጫፍ ንዝረት ሊኖር ይችላል። ሰላም ያለው ክፍል ከላዩም ከታቹም ክፍል ያለው ነው።

ቀጥሎ መናወጥ። መርከብ ሲወዛወዝ በጣም የሚነሣውና የሚወድቀው ፊቱና ኋላው ነው። ከፍ በተባለ ቁጥር ደግሞ ግራና ቀኝ ማዘንበሉ ይበረታል። ከሁሉም የሚረጋው መሐል ላይና ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ነው። ልብ በሉ፤ ትልልቆቹ ስዊቶች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ላይኛው ወለል ላይ ወይም ጫፍ ላይ ነው። ባሕር የሚያስታውካችሁ ከሆነ ከፍላችሁ ወደ ባሰ ቦታ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ይህን ማንም ሻጭ በስልክ አይነግራችሁም።

ከዚያ በተጨማሪ፣ ከጎን ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር ያለው ክፍል የጎረቤትን ወሬ ያሰማል። በሁለት ተያያዥ ክፍል የያዛችሁ ቤተሰቦች ደግሞ አንዱ ጨረታ አልፎ ሌላው ሊወድቅ እንደሚችል አስቡ። ልጆች ወለል 6፣ ወላጆች ወለል 11። በዊልቸር የሚጠቀም ወይም የተለየ መታጠቢያ ቤት የሚያስፈልገው ሰው ጨረታ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ይልቅ በቀጥታ ደውሎ ልዩነቱን ከፍሎ ተስማሚውን ክፍል በቁጥር ይያዝ።

7. ስልክ ቢደወል

ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ አንዳንድ ኩባንያዎች፣ በተለይ ቅንጡዎቹ፣ በስልክ ወይም በኢሜይል ቁርጥ ያለ ዋጋ ያቀርባሉ። ጨረታ አይደለም፤ እሺ ወይም እምቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ አጭር ነው።

ይህ ከጨረታ የተሻለ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቅ ሰው አለና። የተወሰነ ክፍል ቁጥር እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ካርታውን ከፊታችሁ ዘርጉና ቦታውን እዩ። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ ለክፍሉ? ቀረጥና የወደብ ክፍያ አብሮ ነው? መጀመሪያ የተሰጠኝ የኪስ ገንዘብ ይቆያል? በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሼ ልደውል? አብዛኛው ሠራተኛ እሺ ይላል። «አሁኑኑ ካልወሰኑ ይወሰዳል» ካለም ሊወሰድ ይችላል፤ ይወሰድ። ጣሪያችሁን ቀድማችሁ ቆርጣችሁ ከሆነ ግን መልሱ በእጃችሁ ስላለ እዚያው ትወስናላችሁ።

የደወለው ማን እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ካርድ ቁጥር አትስጡ። ዝጉና በኩባንያው መደበኛ ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። እውነተኛ ቅናሽ ከሆነ ማስያዣችሁ ላይ ይታያቸዋል።

ያልተደወለለትስ? ራሱ ይደውላ። መነሻው ወር ገደማ ሲቀረው ደውሎ «የሚሸጥ ከፍ ያለ ክፍል አለ?» ማለት ነውር የለውም።

8. ወደብና መርከብ ላይ

እዚህ ተስፋችሁን ዝቅ አድርጉ። ጨረታው ባዶ ክፍሎቹን ስለሚሞላ ለመሳፈሪያው ቀን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ግን ሰው ይቀራል፣ በረራ ይዘገያል፣ ክፍል ይለቀቃል።

ስትመዘገቡ አንድ ጊዜ ጠይቁ፦ «ዛሬ የሚሸጥ ከፍ ያለ ክፍል አለ? ለሁለታችን በጠቅላላ ስንት ይሆናል?» መልሱ «የለም» ከሆነ አመስግናችሁ ግቡ። መርከቡ ላይ ከደኅንነት ልምምዱ በኋላ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ማን እንደቀረ የሚታወቀው ያኔ ነው። «ስማችሁን ይዘን እንደውልላችሁ» ካሉ ይያዙ። መዝጋቢው እጅ ላይ ብር ሸጎጥ ማድረግ ግን አይሠራም፤ ክፍል የመመደብ ሥልጣን የለውም።

እዚህ የሚቀርብ ዋጋ የሚጠቅም ጎን አለው፦ ክፍሉን በዓይናችሁ አይታችሁ መወሰን ትችላላችሁ። «ማየት እንችላለን?» በሉ።

9. ጨረታው ካለፈ በኋላ

መልሱ ከሳምንታት በፊትም፣ መነሻው ሁለት ቀን ሲቀረውም ሊመጣ ይችላል። «አልፏል» የሚለው ኢሜይል ሲመጣ ሥራ አለ።

ማስያዣችሁን ክፈቱና አዲሱን የክፍል ቁጥር እዩ። የሻንጣ መለያ ወረቀቶቹን እንደገና አትሙ። የድሮው ቁጥር ያለበት ሻንጣ ወደ ድሮው ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ገብቷል። ወደብ ከደረሳችሁ በኋላ ካወቃችሁ ወረቀቱ ላይ የድሮውን ሰርዛችሁ አዲሱን በጉልህ ጻፉ፤ ለተሸካሚውም ንገሩት።

የእራት ሰዓታችሁን፣ ያስያዛችኋቸውን ጉብኝቶችና የልዩ ምግብ ጥያቄ ካለ አረጋግጡ። ሲዛወር የሚጠፋ ነገር አይታጣም። የጉዞ ኢንሹራንስ ካላችሁ የጨመራችሁትን ገንዘብ አሳውቁ። መድኑ የሚሸፍነው የተነገረውን ዋጋ ብቻ ከሆነ ጉዞው ቢሰረዝ ጭማሪው ሜዳ ላይ ይቀራል።

የአባልነት ነጥብ የምትሰበስቡ ከሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሮያል ካሪቢያን ላይ በጨረታ ስዊት የገባ ሰው ነጥብ የሚቆጠርለት መጀመሪያ በያዘው ክፍል ደረጃ ነው። ለስዊት የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብ የለም።

ጨረታው ካላለፈ ምንም አይቆረጥም፤ በያዛችሁት ክፍል ትሄዳላችሁ። የካርዱን መግለጫ ግን አንድ ጊዜ እዩት።

አዲሱ ክፍል ውስጥ ስትገቡ ሻንጣ ሳትፈቱ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። አየር ማቀዝቀዣውን አብሩ፣ ሻወሩን ክፈቱ፣ የበረንዳውን በር ዘግታችሁ አዳምጡ፣ ካዝናውን ሞክሩ። የተበላሸ ነገር ካለ ያኔውኑ ለእንግዳ መቀበያው ተናገሩ። ከቀረ ሰው የተለቀቀ ክፍል ካለም የሚገኘው በመጀመሪያው ምሽት ነው፤ በሦስተኛው ቀን ብትሄዱ የሚሰጧችሁ ይቅርታና የጆሮ መድፈኛ ነው።